«ግፊት» ብዬ የተረጎምኩልህ ቃል

ዳምጠው፣ አንተ የኔ ጉድ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ አልልህም። ስለ ጤናህ ስጠይቅ ኖሬ ምን ተረፈኝ! ከተለየኸን የፊታችን እሑድ ዓመት ይሞላል። ዓመቱን ሙሉ እንባዬን ያላየ የሬንተን ሐበሻ የለም፤ ንዴቴን ግን ያወጣሁት አንድ ሰው ላይ ብቻ ነው፣ ታናሽ ወንድምህ ሽመልስ ላይ። ወንድሙን የገደለ ሰው ሙት ዓመቱ ላይ አይቀመጥም ብዬ፣ ለእድሩ ሰዎችም ነግሬ፣ እሑድ እንዳይመጣ ከልክዬው ነበር። አሁን ግን ነገሩ ተገልብጦብኛል፤ ማንን እንደምቆጣ ተምታቶብኛል። ዛሬ እረፍቴ ነው፣ ሶስናም ትምህርት ቤት ናት፣ ሶ ቁጭ ብዬ አንተኑ ልቆጣህ ነው። «የሺ፣ ድምፅሽን ቀንሺ፣ ጎረቤት ይሰማል» ልትለኝ አትችልም። ከላይ ያሉት ቬትናሞች ናቸው ብዬ ስንቴ ነገርኩህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። ልጅህ መንጃ ፈቃድ አወጣች። በመጀመሪያው ፈተና ፓራለል ፓርኪንግ ላይ ወደቀች፣ ልክ እንደ አባቷ፤ ፈታኙንም ስትረግም ዋለች፣ እሱም ልክ እንደ አባቷ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሥራዬ ፌደራል ዌይ ድረስ እሷ ትነዳልኛለች፣ እኔ ጎኗ ቁጭ ብዬ የሌለ ፍሬን እረግጣለሁ። አይ ፋይቭ አውራ ጎዳናው ላይ ትልቅ ትራክ አጠገባችን ሲያልፍ «ዳሜ!» ብዬ እጮኻለሁ፤ መጥተህ ምን ልታደርግልኝ እንደሆነ እንጃ። ዊልቸርህን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት፣ አንድ አዛውንት ይሄዱበታል። ሽመልስ መታጠቢያ ቤት ግድግዳውን በስቶ ያሰረልህን የብረት መያዣ ግን አላስነቀልኩም። የአፓርትመንቱ ማኔጀር ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈልኝ፣ «ኦኬ» አልኩትና ዝም አልኩ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ስላልሆነ አሁን እኔው እይዘዋለሁ።

ፌደራል ዌይ የምንከባከባቸው አሮጊትም በሕይወት አሉ። ዘጠና ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ስሜን አሁንም «ጄሲ» ነው የሚሉት። ጠዋት ጠዋት ኪኒናቸውን አውጥቼ እሰጣለሁ፣ ሲውጡ አያለሁ፣ «አፍዎን ይክፈቱ» ብዬ ከምላሳቸው ሥር ሳይቀር አይቼ ወረቀቱ ላይ እፈርማለሁ። ሥራዬ ይኼ ነው፤ ባዕድ ሰው ኪኒኑን መዋጡን ማረጋገጥ። ይኼን ልብ በልልኝ።

ስትሮኩ የመታህ ጊዜ ያለቀልህ መስሎኝ ነበር። ቀኝ እጅህና ቀኝ እግርህ ተኙ፣ ምላስህ ታሰረ። አሥራ አንድ ዓመት አውሮፕላን ፋብሪካ የሠራህበት እንግሊዝኛ በአንድ ጠዋት ጥርግ ብሎ ጠፋ። አማርኛውም አንድ አንድ ቃል እየሆነ በስንት ምጥ ነበር የሚወጣልህ። «ውሃ»። «ሶሲ»። «ሂጂ»። «ሂጂ»ን ስትል ግን እንዴት አጥርተህ ነበር፣ አንተ ክፉ! ለቅሶ ቤት ገብቶ ሐዘንተኛ የሚያስቅ ሰው፣ በሠርግ ላይ ማይክ የማይለቅ ሰው፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቃሉ አልመጣ ሲለው በግራ እጁ ጠረጴዛ ሲመታ ማየት ምን እንደሚመስል አንተ አታውቀውም። ሶስና ክፍሏ ገብታ በሯን ዘግታ ታለቅሳለች፣ እኔ ደግሞ ቃሉን ገምቼ ልቀጥልልህ እሞክራለሁ፣ ስሳሳት ትቆጣለህ። እንዲህ ነበር የምንውለው።

የአንጎል ሐኪሟ ትዝ ትልሃለች? ያቺ ቀጭን፣ ብዕሯን ጆሮዋ ላይ የምትሰካዋ። በስልክ አስተርጓሚ አስቀርባ፣ ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ ነገረችን። እንቅስቃሴውን ሥሩ፣ የንግግር ልምምዱን አታቋርጡ፣ ከሁሉ በላይ የደም ግፊት ኪኒኑን አንድም ቀን እንዳይዘል፣ ሁለተኛ ከመታው አይመለስም አለች። ያኔ ነው ሽመልስ የኦክስጅኑን ነገር ያነሣው። ስልኩ ላይ ቪዲዮ አይቷል፤ እጁ ያልታዘዘለት ሰውዬ ከታሸገ ክፍል ወጥቶ ኩባያ ሲያነሣ። ሐኪሟ አልሳቀችበትም። ሕክምናው እውነተኛ ነው አለች፤ ሰው ዝግ ክፍል ውስጥ ገብቶ፣ አየሩ ከተለመደው በላይ እንዲጫን ተደርጎ፣ ኦክስጅን ይተነፍሳል። ከባሕር ሥር ሲወጡ ለሚታመሙ ጠላቂዎች፣ መብራት ሲጠፋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው ጭሱ ለመረዛቸው፣ አልድን ላለ ቁስልም ሆስፒታሎች ይሰጡታል። ወራት ላለፈው ስትሮክ ግን ይሠራል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ የለንም፣ የሚመራመሩበት አሉ፣ እኔ ግን ግቡበት አልልም አለች። ጆሮ ሊጎዳ፣ አንዳንዴም ሰውነት ሊያንቀጠቅጥ ይችላል አለች።

እኔ ያን ቀን የተናደድኩት በማን ነው? በእሷ! እውነቱን በነገረችን ሴት! «ተስፋ ብትሰጠን ምን ይጎልባታል፣ ከኪሷ አታወጣው» እያልኩ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ፓርኪንጉ ስነጫነጭ ሰማኸኝ። አንተም በደህነኛው እጅህ ትከሻዬን መታ መታ አደረግከኝ። ያ እጅህ ሁልጊዜ ሞቃት ነበር።

ሽመልስ አገኘው፣ ሌላ ቦታ። ቱክዊላ መጋዘን ፎርክሊፍት ሲነዳ ውሎ፣ በእረፍቱ ሰዓት እየደወለ፣ ቴሪያኪ የሚባል ምግብ ቤትና ሴቶች ጥፍር የሚያሠሩበት ጥፍር ቤት መካከል ያለችውን ክሊኒክ አገኘ። ኢንሹራንስ አይሸፍንም ሲባል «እኔ አለሁ» አለ፣ ከዚያ በኋላ ስለዚያ አንድ ቀን አንሥቶ አያውቅም። ነጭ ጋውን የለበሰች ሴትዮ ተቀበለችን፣ ሐኪም መስላን ነበር፣ ሐኪም አልነበረችም። «ክፍል» የተባለውም ክፍል አልነበረም፤ ሰው የሚተኛበት፣ ዚፕ ያለው፣ በአየር የሚነፋ ድንኳን፣ ፊት ለፊት ትንሽ መስኮት ያለው። አንተ ምን አደረግክ? የአውሮፕላን ስፌት እንዳያፈስ ስታሽግ የኖርክ ሰው አይደለህ፣ ጎንበስ ብለህ በግራ እጅህ ጣት ዚፑን ከዳር እስከ ዳር ዳሰስከው። ከዚያ ቀና ብለህ «ሊክ» አልክ። ከስንት ወር በኋላ የመጀመሪያዋ እንግሊዝኛህ! ሽመልስ «ሳይገባ መዳን ጀመረ!» ብሎ ዘለለ፣ ሴትዮዋም አጨበጨበች። አንተ ግን ያልከው «ይኼ ነገር ያፈሳል» ነው። ከሁላችንም የሚያውቀው አንተ ነበርክ፣ እኛ አጨበጨብንልህ።

ሴትዮዋ ስታስረዳ አስተርጓሚ አልነበረም፣ እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ምን እንዳልኩህ ቆይቼ እነግርሃለሁ። አሁን ከነገርኩህ እጄ አይጽፍልኝም።

አርባ ጊዜ ትገባለህ ተባለ። አርባ ሲባል እናትህ ደብረ ብርሃን ሆነው በስልክ ምን አሉ? «በሉ እንደ ሱባኤ ያዙት፣ አርባ የከንቱ ቁጥር አይደለም።» አንተም እንደ ሱባኤ ያዝከው። ጫማዬን በር ላይ አውልቂልኝ ብለህ በእጅህ ታሳየኝ ጀመር፣ ምግብ ሳትቀምስ ትሄድ ጀመር። ጆሮህ ሲጨንቅህ እኔ በመስኮቷ በኩል አፌን ከፍቼ አዛጋልሃለሁ፣ ምራቄን ውጬ አሳይሃለሁ፣ አንተ ደግሞ ጥርስህን ታሳየኛለህ። ብዙ ጊዜ ያስቀኝ ነበር፣ ልዋሽህ አልችልም። የቀኝ አውራ ጣትህ ትንሽ ከፍ ያለች ዕለትማ ቴሪያኪ ቤት ገብተን እንደ ሠርገኛ በላን። ያቺን ጣት ያነሣት ግን የእንቅስቃሴ ሐኪሙ የወራት ልፋት ይሁን ድንኳኑ ማን ይንገረን? እኛ ምስጋናውን ለድንኳኑ ሰጠን። የንግግር ልምምድህ ሰዓቱ ከድንኳኑ ጋር ሲጋጭ ካንስል ያደረግኩት እኔ ነኝ። አንዴ አይደለም፣ ደጋግሜ። ንግግር የምታለማምድህ ልጅ ደውላ «ተሻለው እንዴ?» ስትለኝ፣ በኩራት «የተሻለ አግኝተናል» አልኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

በሃያ ሰባተኛው ቀን ጠዋት፣ እኔ ፌደራል ዌይ ለአሮጊቷ ኪኒን ስሰጥ፣ ሽመልስ ሊወስድህ መጣ። በሩን በቁልፉ ከፈተና መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ አገኘህ። አምቡላንስ ጠርቶ ለእኔ ኮል አደረገ፤ «የሺ፣ ነይ» አለኝ። ሆስፒታል ስደርስ የደም ግፊትህ መለኪያው ጫፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር አሉኝ፣ አንጎልህ ውስጥ ደም ፈሷል አሉኝ። ወጣቱ ሐኪም «ኪኒኑን ይወስድ ነበር?» ሲለኝ እንዴት እንደተቆጣሁት! «በየሳምንቱ በገዛ እጄ በሣጥኑ የምደረድርለት እኔ ነኝ፣ ሥራዬ ይኼ ነው!» አልኩት። ማልኩለት፣ ዳምጠው። በልጃችን ማልኩለት። ለማታ አልደረስክም።

በሦስተኛው ቀን፣ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ፣ ሶስና ሲበርዳት ካፖርትህን ደረበች። እጇን ኪሱ ውስጥ ስትከት በሶፍት የተጠቀለሉ ኪኒኖች አገኘች። ነጯ የግፊት ኪኒንና ያቺ ሽንት የምታስሸናዋ። ድንኳኑ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ዚፕ ተዘግቶብህ ስትተኛ ሽንትህ እንዳያዋርድህ ብለህ ነው፣ አይደል? እሱ ይገባኛል። ግን ለምን አልነገርከኝም? ሳጥኑን ባዶ አድርገህ ታሳየኝና እኔ «ጎበዝ» እልህ ነበር። እንደ ሕፃን! የባዕድ ሴት ምላስ አንሥቼ የማይ ሴትዮ፣ የባሌን ኪስ ሳልፈትሽ! አየህ፣ እዚህ ላይ ነው በአንተ የተናደድኩት፤ አመንኩህ፣ አንተ ደግሞ ሸወድከኝ።

ሽመልስን «ታውቅ ነበር?» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ «ኪሱ ሲከት አይቻለሁ» አለ። ከዚያ የሆነውን ሬንተን ሁሉ ያውቃል። ቆሜ፣ ጥቁር ለብሼ፣ ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ፣ የቄሱ እጅ እጄን ይዞ እያለ፣ «ወንድምህን የገደልከው አንተ ነህ!» ብዬ ጮኽኩ። ድንኳን ያመጣኸው አንተ፣ ኪኒኑን ሲጥል ዝም ያልከው አንተ፣ ውጣልኝ አልኩት። ጫማውን ሳያስር ወጣ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሶስናን እንኳ እንዲያይ አልፈቀድኩም። የልደቷ ዕለት በር ላይ ስጦታ አስቀምጦ ሄደ፣ እኔ መልሼ ላክሁለት። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ይኼ መሆኑን ያኔ አላወቅኩም።

ክሊኒኳም ሄጄ ነበር። በየቀኑ ከመግባቱ በፊት ግፊቱን ትለኩ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሴትዮዋ ፋይልህን አገላበጠች፤ የመጀመሪያው ቀን ላይ ተጽፏል፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ሃያ አምስት ቀን ሙሉ አንዲት መለኪያ ክንድህ ላይ ያሠረ አልነበረም! በእውነተኛው ቦታ ቢሆን ሳይለኩ አያስገቡም ነበር። እሷ ግን የሐዘን ካርድ ሰጠችኝ፣ ነጭ አበባ ያለበት፣ ከዚያ የቀሩትን ቀናት ለቤተሰብ አባል ማስተላለፍ ይቻላል አለችኝ። እኔ ልግባበት! ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። ካርዱን ፊቷ ቀድጄ ወጣሁና መኪናዬን የት ፓርክ እንዳደረግኩ ጠፍቶኝ ጥፍር ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

እንግዲህ ወደ ባለፈው ሳምንት ልምጣ። ሶስና ለሙት ዓመትህ ስክሪን ላይ የሚታይ ፎቶ ልትሰበስብ ስልክህን ከፈተች። መጀመሪያ ደግ ደጉን አገኘች። ሐይቁ ዳር ቆመን አዲስ አውሮፕላን ከሬንተን ሲነሣ «ያቺን ያሸግኳት እኔ ነኝ፣ ብታፈስ ጥሩኝ» የምትልበትን ቪዲዮ ሦስት ጊዜ አየነው። ድምፅህ! ከስትሮኩ በፊት የነበረው ድምፅህ! ሁለታችንም ተቃቅፈን አለቀስን፣ ሳቅንም። ከዚያ ቀጣዩን ነካችው።

የክሊኒኩ የመጀመሪያ ቀን ነው። ሽመልስ ለእናትህ ሊልክ በአንተ ስልክ የቀረጸው። «እማዬ፣ ይኸውልዎ፣ ዳሜ የሚገባበት ይኼ ነው» ይላል። ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ ታስረዳለች፣ እኔ አስተረጉማለሁ። ሰዓቴን አያለሁ፣ ሺፍቴ ሊጀምር ነው። «ሥራውን የሚሠራው ግፊቱ ነው ትላለች» እላለሁ። አንተ ቀና ትላለህ። «ግፊት?» ትላለህ። በግራ እጅህ ቀኝ ክንድህን፣ ልክ መለኪያውን የሚያስሩበት ቦታ ላይ፣ ጨበጥ ታደርጋለህ። ከንፈርህ ይንቀጠቀጣል፣ ቃል ትፈልጋለህ፣ ታገኛለህ። «ኪኒን… ልተው?» ትላለህ። እኔ አላየሁህም። ቦርሳዬ ውስጥ ቁልፌን እየፈለግኩ፣ «አዎ፣ አዎ፣ የግፊት ሕክምና ነው አልኩህ እኮ! ግባ በቃ!» እላለሁ።

ሶስና ቪዲዮውን አቆመችው። የአማርኛዋን ነገር ታውቃለህ፣ ግማሹ አይገባትም። ግፊት የምትለዋን ቃል ግን ከአንተ ኪኒን፣ ከአያቷ ስልክ፣ ከቤተ ክርስቲያን እናቶች ለቅማታለች። «ማም፣ ግፊት ማለት ብለድ ፕረዠር አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

አቤት አምላኬ! የአየርም ግፊት ግፊት ነው፣ የደምም ግፊት ግፊት ነው፣ መዝገበ ቃላቱ ላይ ስህተት የለብኝም። ግን እኛ መካከል «ግፊት አለብኝ» ብሎ ስለ አየር የሚያወራ ማን አለ? እናትህ ግፊት አለባቸው፣ እኔ ግፊት አለብኝ፣ የእድሩ ሊቀመንበር ግፊት አለባቸው። አንተ ግፊትህን የሚያድን ድንኳን ውስጥ አርባ ቀን ልትገባ ነው ተብለህ፣ ሽንት የምታስሸናህ ኪኒን ለምን ትውጣለህ? ጠበል የገባ ሰው መድኃኒት አይደባልቅም ሲሉ ያደግክ ሰው! ሸወደኝ እያልኩ ዓመቱን ሙሉ በልቤ ስቆጣህ ነበር። አልሸወድከኝም። ጠይቀኸኝ፣ ፈቅጄልህ ነው። ኪኒኑን ኪስህ የከተትከው ጭቅጭቄን ፈርተህ ይሆናል፣ ወይ እንደፈቀድኩልህ ረስቼ «ጎበዝ» ስልህ ግራ ገብቶህ ይሆናል፤ እንጃ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ፣ እኔ ግን ከአፌ መውጣቱንም አላወቅኩ።

ሁለት ቀን አልበላሁም። በሦስተኛው ቀን ቱክዊላ ሄጄ መጋዘኑ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናው አጠገብ ቆሜ ጠበቅኩት። ከሥራ ሲወጣ አየኝና ቆመ። ከስቷል፣ ዳምጠው። ጺሙ ሸብቷል፣ አንተን መስሏል። ቪዲዮውን አየሁ አልኩት። «አውቃለሁ የሺ» አለኝ። ከዚያች ከለቅሶው ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር! ያን ጊዜ ኪኒኑ ከኪስህ ሲወጣ ነው ሁሉም የገባው። አንተም በድንኳኑ መንገድ ላይ ሁልጊዜ ክንድህን ጨብጠህ «ግፊት፣ ሄደ» ትለው ነበር፤ እሱም የሺ ነግራዋለች ብሎ አምኖ ዝም አለ። ታዲያ በዚያ ቀን ለምን አልተናገርክም፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት እንደ ውሻ ሳባርርህ ለምን አፍህን አልከፈትክም አልኩት። «ሶስና አጠገብሽ ቆማ ነበር» አለኝ። «አባቷን በቀበረች ማግስት እናቷን ልንጠቅባት?»

ይኼን ጊዜ አልቅሼ እግሩ ሥር የወደቅኩ ይመስልሃል? ጮኽኩበት እንጂ! ዓመት ሙሉ ስሳሳት ዝም ብለህ አየኸኝ፣ ዓመት ሙሉ ደግ ሆነህ እኔን ክፉ አደረግከኝ፣ ማን ሸክሜን ተሸከም አለህ ብዬ የሺፍቱ ሠራተኛ ሁሉ እስኪዞር ጮኽኩበት። ይቅር መባልም ያናድዳል ለካ። እሱ መኪናው ላይ ተደግፎ ሰማኝ። ስጨርስ «ጨረስሽ?» አለኝ። ደግፎ የመኪናው ወንበር ላይ አስቀመጠኝና ውሃ ሰጠኝ።

እሑድ ትመጣለህ አልኩት። ሰው ምን ይላል አለኝ። እነግራቸዋለሁ አልኩት። እንዳትናገሪ ብሎ ለመነኝ፤ ለሶስና ስትይ አለኝ። ሶስናን ጠየቅኳት። በእንግሊዝኛዋ፣ ንገሪያቸው፣ እኔም ሐኪም ያለውን ለአያቴ በስልክ ሳስተረጉም ያልገባኝን አዎ እላለሁ አለችኝ። ደነገጥኩ። እሑድ አዳራሹ ውስጥ ከሚቀመጠው ሰው ግማሹ ለእናት፣ ለአባት፣ ወይ እንደ እኔ ለባል አስተርጓሚ ነው፤ ሺፍት ሊደርስበት፣ ቁልፍ እየፈለገ፣ አዎ አዎ የሚል። በየቤቱም ግፊት አለ። ሶ እሑድ ጸሎቱ እንዳለቀ እነሣለሁ። ወንድምህን አጠገቤ አስቀምጬ፣ የጮኽኩበት ድምፄ ሳይቀንስ፣ ባሌን በዚህ ቃል አሳሳትኩት፣ ይኼን ሰውም በሐሰት ገደልክ አልኩት፣ ይቅር በሉኝ እላለሁ። ክሊኒኳንም አልምራትም፣ ባዶውን ፋይሏን እናገራለሁ። ራሴን ግን አስቀድማለሁ።

አልረሳህም፣ ዳሜ። ሰው በሙት ዓመት ሳቁን ጨዋታውን ያነሣል፤ ያንን ሌሎቹ ያነሡልሃል። እኔ እስክሞት የማስታውሰው ያችን ጥያቄህን ነው። ቋንቋህ ሁሉ ፈርሶ፣ ከፍርስራሹ ውስጥ ሁለት ቃል ቆፍረህ አውጥተህ፣ እዚያ ክሊኒክ ውስጥ ማንም ያልጠየቀውን ትክክለኛ ጥያቄ ጠየቅከኝ። ዓመት ዘግይቻለሁ፤ ግን ቁልፌን አስቀምጬ፣ ዓይን ዓይንህን እያየሁ ልመልስልህ፦ አይ፣ ዳምጠው። ኪኒንህን እንዳትተው።

የሺ